ሻን ኖስ መዝፈን ላማራችሁ

ሻን ኖስ የአየርላንድ ሰዎች በገዛ ቋንቋቸው፣ በአይሪሽ፣ የሚዘፍኑት የድሮ ዘፈን ነው። ጊታር የለውም። ከበሮ የለውም። ተቀባይም አጃቢም የለውም። አንድ ሰው ከተቀመጠበት ሳይነሳ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ይጀምራል። ቤቱ ጸጥ ይላል። ሲጨርስ ብርጭቆውን ያነሳል፣ ወሬውም ካቆመበት ይቀጥላል። በቃ።

እኔ በምዕራብ አየርላንድ፣ ጎልዌይ ከተማ የሌሊት ጥበቃ ነኝ። ሻን ኖስ የሚያስተምሩኝ ከከተማዋ በስተምዕራብ ባለው ኮነማራ ውስጥ፣ ካርና በሚባል አካባቢ ተወልደው ያደጉ እናት ናቸው። ስማቸው እንዲነሳ ስለማይወዱ "መምህሬ" ብዬ አልፋለሁ። እንደምማር የሰማ ሀበሻ ሁሉ "እኔስ ይሆንልኛል?" ይለኛል። ይሆንላችኋል። ድምፃችሁ ሻካራ ቢሆንም ይሆንላችኋል። ነገሩ የሚበላሸው አጀማመሩ ላይ ነው። የሰውን ልብ የሚወስደው ያ ዜማው ላይ የሚጠማዘዘው ጌጥ ነው። ስለዚህ ሰው ከጌጡ ይጀምራል። ቃሉን ሳያውቅ ጉሮሮውን ማዞር ይለማመዳል። እንዲህ ዓመት ቢለፋ የሚወጣው ነገር ሻን ኖስ አይሆንም። እዚህ ቤት አለቃው ቃሉ ነው። ዜማው ተከትሎ ይመጣል። ጌጡ ከሁሉም በኋላ። እኔም በዚሁ ቅደም ተከተል ነው የምነግራችሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ አካባቢ ምረጡ

አይሪሽ ዛሬም የዕለት ተዕለት ቋንቋ የሆነባቸው አካባቢዎች ጌልታክት ይባላሉ። አብዛኞቹ ያሉት ምዕራቡ ዳርቻ ላይ፣ ውቅያኖሱ ጥግ ነው። በ2022ቱ የሕዝብ ቆጠራ ወደ 1.87 ሚሊዮን ሰው "አይሪሽ እችላለሁ" ብሏል። ከትምህርት ቤት ውጭ በየቀኑ የሚናገረው ግን 72 ሺህ ገደማ ነው። ከእነሱም ጌልታክት ውስጥ የሚኖሩት 20 ሺህ ያህሉ ብቻ ናቸው። ዘፈኑ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ የኖረው በእነዚህ ትንንሽ መንደሮች ነው።

አዘፋፈኑም እንደየአካባቢው ይለያያል። የኮነማራው ጌጥ ይበዛበታል። ጌጡ ደቃቅ ነው፣ ጥቅጥቅ ያለ ነው። ወደ ሰሜን፣ ወደ ዶኔጎል ስትሄዱ ዜማው ቀጥ ይላል፣ ምቱም ይበልጥ ይታወቃል። ደቡብ ላይ፣ ኬሪ፣ ኮርክና ዋተርፎርድ ጋ፣ ድምፁ ይሰፋል፣ ከታች ወደ ላይ ብዙ ይጓዛል። አነጋገሩም በሦስቱ ቦታ ሦስት ዓይነት ነው። አንዱን ቃል ኮነማራ በአንድ መልክ፣ ዶኔጎል በሌላ መልክ ትሰሙታላችሁ።

ስለዚህ አንዱን ምረጡ። ጆሯችሁ ያደላበትን። ከመረጣችሁ በኋላ ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዘፈኖች ከዚያ አትውጡ። የኮነማራን ዘፈን በዶኔጎል አነጋገር መዝፈን ያስተዛዝባል። ማንም ፊት ለፊት አይነግራችሁም፤ አይሪሾች ይሉኝታ አያጡም። ግን ይሰማቸዋል።

ጆሮ ይቅደም

የት ልስማ ለሚል ሰው መልሱ ቀላል ነው። ሬዲዮ ና ጌልታክታ አለ። በ1972 የተጀመረ፣ ቀኑን ሙሉ በአይሪሽ የሚያወራ ጣቢያ ነው። በኢንተርኔት ከየትም አገር በነጻ ይሰማል። ወሬው ባይገባችሁም ክፈቱት። የቋንቋው ምት ጆሯችሁ ውስጥ ይገባል፣ መሐል ላይ ደግሞ ሻን ኖስ ብቅ ይላል። ቴሌቪዥን ለሚወድ ቲጂ ፎር አለ፤ እሱ በ1996 ነው የጀመረው።

ስም ከፈለጋችሁ፣ ለኮነማራ ጆ ሂኒንና ዳራኽ ኦ ካሆንን ስሙ። ለደቡቡ የዋተርፎርዱን ኒክላስ ቶቢንን፣ የኮርኳን ቤስ ክሮኒንን፣ በሕይወት ካሉት ደግሞ ኢርላ ኦ ሊናርድን ስሙ። ለዶኔጎል ሊሊስ ኦ ሊረ አለላችሁ፤ ዘፋኝም ነው፣ ስለ ዘፈኑ ያጠና ምሁርም ነው።

ጆ ሂኒ ለእኔ የተለየ ነው። በ1919 እዚያው ካርና ተወለደ። እንደ ብዙ የኮነማራ ሰው ተሰደደ። ስኮትላንድ፣ እንግሊዝ፣ ከዚያ አሜሪካ። ኒውዮርክ ውስጥ የአንድ አፓርታማ በረኛ ሆኖ ሠርቷል። በሚያልፉበት በር የቆመው ሰው በመቶዎች የሚቆጠሩ ዘፈኖች በቃሉ እንደያዘ የሕንጻው ነዋሪዎች ስንቶቹ ያውቁ እንደነበር እንጃ። በኋላ ሲያትል፣ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አስተማሪ ሆነ። በ1982 የአሜሪካ መንግሥት ለባህል ጥበበኞች የሚሰጠውን ትልቁን ክብር ተቀበለ። በ1984 እዚያው ሲያትል አረፈ፣ አስከሬኑ ግን ካርና መጥቶ ተቀበረ። በር ላይ ቆሜ ሌሊቱን ስገፋ ብዙ ጊዜ ትዝ ይለኛል። ዘፈኖቹና ስለ ዘፈኖቹ የተናገረው በስሙ በተሠራ የኢንተርኔት ክምችት ውስጥ በነጻ ይገኛል። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ቤተ መጻሕፍት አላውቅም።

አሰማሙ ላይ አንድ ምክር አለኝ። ሃያ ዘፋኝ አታሳዱ። አንድ ዘፋኝ ያዙ፣ ከእሱም አንድ ዘፈን። ደጋግማችሁ ስሙት። በበገናና በኪቦርድ የታጀቡትን፣ ስቱዲዮ ውስጥ ማሚቶ የተጨመረባቸውን ቅጂዎች ለጊዜው ተዉአቸው። ደስ ይላሉ፣ አልክድም። ለመማር ግን አይሆኑም። ድምፁ የት እንደሚቆረጥና የት እንደሚተነፈስ ሸፍነው ያስቀሩባችኋል።

የመጀመሪያው ዘፈን

ትልልቆቹን ዘፈኖች ለኋላ አቆዩአቸው። አይሪሾች ራሳቸው ትልቅ የሚሏቸው ዘፈኖች አሉ። ረጃጅም ናቸው፣ ዘገምተኛ ናቸው፣ የተከዳች ልጅ ወይም ልጁ የሞተባት እናት የምትናገርባቸው ናቸው። ሁሉም ሰው መዝፈን የሚያምረው እነዚህን ነው። ከእነሱ አንዱን፣ ዶናል ኦግ የሚባለውን፣ ያልሞከረ ጀማሪ አላየሁም። ግን እንዲህ ያለ ዘፈን ምንም የሚደገፉበት ምት የለውም። ቃሉ ካልጸና ይፈርሳል።

ከቀላሉ ጀምሩ። ባን ፋጂን የሚባል አለ። ኮነማራ ውስጥ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። በፓጂን ሚስት የምትቀና ሴት ናት የምትናገረው። "ምነው እኔ በሆንኩ ሚስቱ" ትላለች፣ ቀጥላም ሚስቲቱን እግርሽ ይሰበር ብላ ትረግማለች። ዜማው ፈጣን ነው፣ አዝማቹ ይመላለሳል፣ ቃሉ ቶሎ ይያዛል። "ይሄማ የልጆች ነው" ብላችሁ አትናቁት። ምላሳችሁ የሚፈታው በእንዲህ ያለው ነው።

ሴት የምትናገርበትን ወንድ ቢዘፍነው፣ ወንድ የሚናገርበትን ሴት ብትዘፍነው ችግር የለም። እዚህ ማንም ጉዳዬ አይለውም። ዘፋኙ ተዋናይ አይደለም።

ቃሉን ያዙ

ሥራው እዚህ ጋ ነው። ዜማውን አቁሙት። ግጥሙን ብቻ ይዛችሁ ተቀመጡ።

አይሪሽ አጻጻፉና አነባበቡ ሆድና ጀርባ ነው። በእንግሊዝኛ ግምት ካነበባችሁት አለቀላችሁ። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ግጥሙን በእጄ በአይሪሽ እጽፋለሁ። ከሥሩ መምህሬ ሲሉት የሰማሁትን በራሳችን ፊደል እጽፋለሁ። ከሱ ሥር ትርጉሙን። ለአንድ ስንኝ ሦስት መስመር። ፊደላችን ለዚህ ሥራ ከእንግሊዝኛው ይሻላል። ጉሮሮን ለሚፍቀው ድምፅ ኽ አለን። ቨ አለን። የአይሪሹ ቀጭን "ን" ደግሞ ከእኛ ኘ ብዙም አይርቅም። መምህሬ ደብተሬን አይተው "ይሄ ምንድን ነው?" አሉ። ካነበብኩላቸው በኋላ ሁለተኛ አልጠየቁኝም።

ዝርዝሩ የሚያስቸግረው የት ነው? አንደኛ፣ ተነባቢው ሁሉ ወፍራምና ቀጭን አለው። በወፍራም ብ "ቦ" ካላችሁ ላም ነው። በቀጭኑ "ብዮ" ካላችሁ ሕይወት ያለው ማለት ነው። በፍቅር ዘፈን መሐል ላም ማስገባት ትችላላችሁ፣ ሳታውቁት። ቀጭኑ ር በተለይ ምላስ ያስራል። እሱን ከሰው አፍ አይታችሁ ካልሆነ በጽሑፍ አይማሩትም።

ቀጥሎ፣ የቃሉ መነሻ ይለዋወጣል። ሚስት "ባን" ናት። "ሚስቴ" ስትሉ "ሞ ቫን" ይሆናል። ብ ወደ ቭ ዞረ። ሰዋስዉን ማጥናት ግዴታ አይደለም፤ ዘፈኑ ውስጥ ያለውን መልክ እንዳለ መያዝ ግን ግዴታ ነው። አንዳንዱ "ያልተለወጠው ይቀለኛል" ብሎ በዋናው መልክ ይዘፍነዋል። እንደሱ አይሠራም።

ሦስተኛው ነገር ትንሽ ይመስላል፣ ግን ዘፈኑን የሚይዘው እሱ ነው። አንዳንድ ቃል መሐሉ ላይ ያልተጻፈ አናባቢ አለው። ሰማያዊ ማለት "ጎርም" ተብሎ ይጻፋል። ሲነገር "ጎረም" ነው። ሲዘፈን ያቺ "ረ" የራሷ ኖታ ልታገኝ ትችላለች። እሷን የዘለለ ሰው ዜማው ላይ አንድ ኖታ ይተርፈዋል። የት እንደሚያደርገው ግራ ይገባውና የፊተኛውን ይጎትታል። ጀማሪ ሲዘፍን "አንድ ነገር ጎድሎታል" የምትሉት ብዙ ጊዜ ይሄ ነው።

አነጋገሩን ለማጣራት ቴንግላን የሚባል የኢንተርኔት መዝገበ ቃላት አለ። ብዙ ቃላትን በሦስቱም አካባቢ አነጋገር በድምፅ ያሰማችኋል። የደብሊኑ ትሪኒቲ ኮሌጅ ደግሞ አበር የሚባል ነገር ሠርቷል። የጻፋችሁለትን ዓረፍተ ነገር አካባቢ መርጣችሁ ያነብላችኋል። ለማጣራት ጥሩ ናቸው። ከእነሱ ዘፈን መማር ግን አይቻልም።

ከዚያ በቃላችሁ ይዛችሁ አውሩት። ዝፈኑት አላልኩም፣ አውሩት ነው ያልኩት። ለሰው እንደምትነግሩት አድርጋችሁ። እኔ ሕንጻውን ስዞር በየፎቁ አንድ አንድ ቤት ግጥም እላለሁ። ደረጃ እየወጣሁ፣ መብራት እያጠፋሁ፣ በር ገፋ አድርጌ እያየሁ። አራተኛ ፎቅ ላይ ከጠፋብኝ ተመልሼ አልወርድም፤ ከዚያው እቀጥላለሁ። ይሄ ጥሩ መፈተኛ ነው። ብዙ ሰው ቃሉን የሚያውቀው ዜማው ሲመራው ብቻ ነው። ዜማውን ስታነሱበት ባዶውን ይቀራል። ሌላ መፈተኛ፦ ከሦስተኛው ቤት ጀምሩ። ከቻላችሁ ይዛችሁታል።

አያያዙን የሚያቀል አንድ ነገር ልንገራችሁ። የአይሪሽ ዘፈን ቤት የሚመታው በአናባቢ ነው። መጨረሻ ላይ ብቻ አይደለም፤ መሐል መሐሉ ላይም ነው። ጠንከር ብለው የሚነገሩትን አናባቢዎች አስምሩባቸው። አንዱ ስንኝ ውስጥ "ኦ" እና "ኢ" በተወሰነ ቅደም ተከተል ከመጡ፣ ቀጣዩም ስንኝ ላይ በዚያው ቦታ ይመጣሉ። ይህን ካያችሁ ቃል ቢጠፋችሁ እንኳ አናባቢው ያስታውሳችኋል።

ኡዳሩን ጠይቁ

የሻን ኖስ ዘፈን ታሪክ አይተርክም። ታሪኩ ውስጥ ያለው ሰው ሲናገር ነው የምትሰሙት። ማን እንደሞተ፣ ማን ማንን እንደከዳ በዘፈኑ ላይ ላታገኙት ትችላላችሁ። እሱ ያለው ኡዳር በሚሉት የዘፈኑ ታሪክ ውስጥ ነው። ዘፋኙ ከመጀመሩ በፊት አንዳንዴ ይናገረዋል። ኡዳሩን ሳታውቁ መዝፈን ይቻላል፣ ግን አዋቂ ሰው ቢጠይቃችሁ ታፍራላችሁ።

አናኽ ኩዋን የሚባለውን ዘፈን እንውሰድ። ቀኑ ሴፕቴምበር 4፣ 1828 ነው። አናክዳውን ከሚባል መንደር ሰዎች በጀልባ ተሳፍረው በኮሪብ ሐይቅ ላይ ወደ ጎልዌይ ገበያ እየመጡ ነው። በጎችም ጭነዋል። ጀልባዋ አሮጌ ናት። ጎልዌይ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው አንድ በግ በእግሩ ወለሉን ይበሳዋል ይባላል። ውኃ ይገባል። አንዱ ሰው ኮቱን አውልቆ ቀዳዳው ላይ ጎሰጎሰና በእግሩ ረገጠው። ሳንቃው ጭራሽ ተነቅሎ ወጣ። 19 ሰው ሰጠመ፤ 11 ወንዶችና 8 ሴቶች። ዓይነ ስውሩ ባለቅኔ ራፍተሪ ግጥሙን አወጣላቸው። ዘፈኑ ግን ስለ በጉ ብዙም አያወራም። የሚያወራው ስለ ልቅሶው ነው፣ ሊያገቡ ስለነበሩት ልጆች ነው፣ ውኃውንም ይረግማል።

ኮሪብ ከሐይቁ ወጥቶ ወንዝ ሆኖ ጎልዌይን ሰንጥቆ ነው ባሕር የሚገባው። ወደ ሥራ ስሄድ ድልድዩን እሻገረዋለሁ። መምህሬ ይህን ዘፈን እስኪሰጡኝ ብዙ አስጠብቀውኛል። "የሰው ሬሳ ያለበት ዘፈን ነው፣ ቀስ በል" ነበር ያሉኝ። ልክ ናቸው። የዚያ አካባቢ ሰዎች ዛሬም እንደራሳቸው ለቅሶ ነው የሚሰሙት።

ዜማው

አሁን ዜማው። ቃሉን ከያዛችሁ ይህ ክፍል ከምታስቡት በላይ ይቀላል።

ብዙዎቹ ዘፈኖች አራት አራት ስንኝ ናቸው። አንደኛውና አራተኛው ስንኝ አንድ ዓይነት ዜማ አላቸው፣ ዝቅ ያለ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ወደ ላይ ይወጣሉ፣ እነሱም ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ናቸው። ሁሉም ዘፈን እንዲህ ነው አልልም። እንዲህ ከሆነ ግን የምትማሩት አራት ሳይሆን ሁለት ዜማ ነው።

አንድ ስንኝ ስሙ። አቁሙ። በንግግር በሉት። ከዚያ ዝፈኑት። ከዚያ ወደሚቀጥለው። ምቱን እግር እየመታችሁ አትፈልጉ። ዘገምተኞቹ ዘፈኖች ቋሚ ምት የላቸውም። ቃሉ በንግግር ላይ ረዘም የሚልበት ቦታ ዜማውም ይረዝማል፣ ቃሉ የሚፈጥንበት ዜማውም ይፈጥናል። ፈጣኖቹ ላይ እግራችሁን እንደልባችሁ ምቱ።

ኖታ የምታነቡ ሰዎች ኖታ ልትፈልጉ ትችላላችሁ። መጽሐፍ አለ፣ ታገኛላችሁ። እኔ አልመክርም። ጎበዝ ዘፋኝ አንዱን ዘፈን ዛሬና ነገ አንድ ዓይነት አይዘፍነውም። በአንዱ ዘፈን ውስጥ እንኳ ሁለተኛው ቤት ከአንደኛው ይለያል። ኖታው ከእነዚያ አንዱን ቀን ብቻ ነው የያዘው።

ከየት ድምፅ ልጀምር? ከዝቅታ። መሣሪያ ስለሌለ የሚያርማችሁ ነገር የለም። ሰው ሲደነግጥ ከፍ አድርጎ ይጀምራል፣ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ይታነቃል። መላው ቀላል ነው። ከመጀመራችሁ በፊት የሁለተኛውን ስንኝ ጫፍ በሆዳችሁ፣ ድምፅ ሳታወጡ፣ ሞክሩት። እዚያ ከደረሳችሁ ወደ መጀመሪያው ውረዱ።

የድምፁ ዓይነት የምታወሩበት ድምፅ ነው። እንደ ኦፔራ አታስፉት፣ አታንቀጥቅጡት። ሲያሳዝን ዝቅ፣ ሲያናድድ ከፍ ማድረግም የለም። ዘፋኙ ፊቱ ላይ ምንም አይታይም፤ አንዳንዱ ወደ ግድግዳ ይዞራል፣ ኮፍያውን ዓይኑ ላይ ይደፋል። በተለይ ኮነማራ ውስጥ ድምፁ ወደ አፍንጫ ያደላል። "ኛ" ይሉታል። አታስመስሉት። ል፣ ም፣ ን፣ ር ላይ ድምፁን ማቆየት ስትለምዱ በራሱ ይመጣል።

ጌጡ

እስካሁን ያለ ጌጥ ነው የዘፈናችሁት። ራቁቱን ዜማ። እሱ ብቻውን ካላማረ ጌጥ አያድነውም።

አንድ ጌጥ ቀርበን እንየው። አንድ ኖታ ላይ ቆማችኋል እንበል። ድምፁ አንድ እርከን ወደ ላይ ፈንጠር ይላል፣ ይመለሳል፣ አንድ እርከን ወደ ታች ይነካል፣ ይመለሳል። ይህ ሁሉ በዓይን ጥቅሻ ነው። በዝግታ ስትሞክሩት አምስት ኖታ ነው። በፍጥነቱ ስትሰሙት አንድ መዞር ነው። ስልካችሁ ላይ የማጫወቻውን ፍጥነት ወደ ግማሽ አውርዱና ስሙት። ያኔ አምስቱም ይታዩአችኋል። በዝግታ ያዙት፣ ከዚያ ጨምሩ።

የት ነው የሚገባው? ጀማሪ ትልቁ ቃል ላይ ይከምረዋል። "ሞት" የሚል ቃል ካገኘ እሱን ያጠማዝዘዋል። ጎበዞቹን ስሙ። ብዙ ጊዜ ጌጡ ያለው ደካማው ቀለም ላይ ነው፤ "እና" ዓይነት፣ "የ" ዓይነት ትንንሽ ቃል ላይ። ከባዱ ቃል በግልጽ ይነገራል። ለምን ብትሉ ሰሚው ቃሉን መስማት አለበት። መጀመሪያ ያልኩት ነገር ነው ይሄ፤ አለቃው ቃሉ ነው።

በአንድ ስንኝ አንድ ጌጥ ይበቃል ለጊዜው። ሁለተኛው ቤት ላይ ቦታውን ቀይሩት። አንድ ቦታ ላይ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ካደረጋችሁት ጌጥነቱ ይቀራል። ትንፋሽም እንዲሁ ነው። ስንኙ ካላለቀ አልተነፍስም ብላችሁ አትሰቃዩ። የድሮዎቹ ዘፋኞች ያልጠበቃችሁበት ቦታ ላይ ድምፃቸውን ቁርጥ ያደርጋሉ፣ ይተነፍሳሉ፣ ይቀጥላሉ። ያምራልም።

የት ልለማመድ

ማሚቶ የሌለበት ቦታ። የምጠብቀው ሕንጻ ምድር ቤቱ የመኪና ማቆሚያ ነው። ሌሊት ባዶ ነው። እዚያ ስዘፍን ራሴን ጆ ሂኒ ነኝ እላለሁ። ሲሚንቶው ድምፄን ያስረዝምልኛል፣ ክፍተቱን ይሞላልኛል፣ ያበላሸሁትን ይሸፍንልኛል። ለመደሰት እንጂ ለመማር አልወርድም። የምለማመደው የጥበቃ ክፍሏ ውስጥ ነው። ጠባብ ናት፣ ጃኬትና ፎጣ ተሰቅሎባታል፣ ድምፅ ትውጣለች። እዚያ ያማረ ዘፈን የትም ያምራል።

ራሳችሁን በስልክ ቅዱ። ደስ አይልም፣ ግን ቅዱ። ሌላ ሰው ስትቀዱ ደግሞ አስፈቅዱ። በተለይ ሽማግሌዎችን። አንዳንዱ ዘፈን የቤተሰብ ነው፤ የማን እንደሆነ ሳይጠቅሱ መዝፈን ነውር ነው። "ይህን ከእገሌ ነው የተማርኩት" ማለት ልመዱ።

ሰው ፊት

መጠጥ ቤት ውስጥ ከሆነ ጸጥታውን እናንተ አትጠይቁም፤ ሌላው ሰው ይጠይቅላችኋል። እናንተ ዝም ብላችሁ ጠብቁ። ስትጀምሩ ጥጉ ላይ የሚያወራ ካለ ቀጥሉ፣ ያፍርና ይተዋል።

መሐል ላይ "ማ ሁ!" ወይም "ጂያ ላት!" ብሎ የሚጮኽ ካለ አትደንግጡ። በርቱ ማለቱ ነው። "ሞ ህዮል ሁ!" ካሏችሁማ እሰዬው ነው። እናንተም ለሌላው በሉ፣ ግን በስንኝ መሐል ክፍተት ላይ። አታጨብጭቡ፣ አብራችሁም አትዝፈኑ፤ አዝማቹ ላይ ካልተጋበዛችሁ በቀር።

ጎናችሁ ያለው ሰው እጃችሁን ሊይዝ ይችላል። ይዞም ቀስ እያለ በዜማው ልክ ያሽከረክረዋል። የቆየ ልማድ ነው። አንድ ምሽት አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ ምንም ሳይሉ እጄን ያዙ። እጃቸው ደረቅ፣ ሰፊ፣ የገመድ ሥራ የቆረቆረው ነበር። ማዞር ጀመሩ። እኔ ልፈጥን ስል እጃቸው አይፈጥንም። ስለዚህ አልፈጠንኩም። ዘፈኑ ሲያልቅ ለቀቁኝና ከጎረቤታቸው ጋር ስለ አየሩ ማውራት ቀጠሉ። እጃችሁን አትንጠቁ፣ ምክሬ እሱ ነው።

መጨረሻውን ስንኝ፣ ወይም የመጨረሻዎቹን ጥቂት ቃላት፣ ብዙ ዘፋኝ በዜማ አይጨርሰውም። በንግግር ድምፅ ጣል ያደርገዋል። ዘፈኑ አለቀ ማለት ነው። ይህን ሞክሩት፣ ግን በጥድፊያ አታድርጉት።

መምህርና ስብሰባ

መምህር ማግኘት ከሁሉም ይበልጣል። ካርና ውስጥ የጎልዌይ ዩኒቨርሲቲ ማዕከል አለ፤ በአካባቢው ዘፋኝ በሶረኻ ኒ ጉሪም ስም የተሰየመ ነው። በየዓመቱም ጆ ሂኒን የሚያስቡበት ፌስቲቫል እዚያው ካርና ይካሄዳል። ክሌር በሚባለው አውራጃ ውስጥ፣ ሚልታውን ማልቤይ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ከ1973 ጀምሮ በየጁላዩ የዊሊ ክላንሲ የክረምት ትምህርት ቤት ይከፈታል። አብዛኛው መሣሪያ ነው፣ የዘፈን ክፍልም አለው። ደብሊን ያላችሁ ሜሪዮን ስኩዌር ቁጥር 73 ሂዱ። በ1987 የተቋቋመው የአየርላንድ ባህላዊ ሙዚቃ ማኅደር እዚያ ነው። አያስከፍልም።

ትልቁ ስብሰባ ግን ኢራክታስ ነው። በ1897 የተጀመረ የአይሪሽ ቋንቋ በዓል ነው፣ ከተማ እየቀያየረ፣ ኦክቶበር መጨረሻ ወይም ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ ይውላል። እዚያ ኮርን ኢ ሪአዳ የሚባለው ዋንጫ አለ፤ በ1971 ባረፈው የሙዚቃ ሰው በሾን ኦ ሪአዳ ስም የተሰየመ። ለሻን ኖስ ከዚህ የሚበልጥ ሽልማት የለም። መሄድ ካልቻላችሁ በሬዲዮ ና ጌልታክታ አዳምጡት። እኔ ብዙውን ጊዜ ሥራ ላይ ስለምሆን በአንድ ጆሮ ነው የምሰማው፣ ሌላው ለበሩ ነው። ከየአካባቢው የመጡት ተራ በተራ ሲዘፍኑ፣ መጀመሪያ የነገርኳችሁ የአካባቢ ልዩነት በአንድ ምሽት ይገባችኋል።

አንዱን ዘፈን ሰው ፊት ከዘፈናችሁት በኋላ ሁለተኛውን ምረጡ። ከዚያው አካባቢ፣ ቢቻል ከዚያው ዘፋኝ። የመጀመሪያው ፈጣን ከነበረ አሁን አንድ ዘገምተኛ ውሰዱ፣ አጭሩን። ደብተራችሁን አውጡና እንደገና ሦስት ሦስት መስመር ጻፉ።